በሁለት መንገድ የተለካ የአንድ ጋላክሲ ሃይድሮጅን ለምን ይለያያል?

ጠያቂያችን የአንድን ጥምዝምዝ ጋላክሲ ቀዝቃዛ ሃይድሮጅን በአንቴናዎች ድርድር (እንደ አንድ ቴሌስኮፕ አብረው በሚሠሩ ብዙ አንቴናዎች) ሲለኩት፣ በአንድ ትልቅ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሳህን ከተለካው በሩብ ያህል አንሶ እንዳገኙት ገልጸው የትኛውን ይመኑ እንደሆነ ጠይቀዋል። በእንዲህ ያለ መረጃ ላይ ለዓመታት ስለሠራሁ፣ በቅድሚያ የምመረምረው በአንቴናዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ነው።

የሃይድሮጅን መስመር (ጋዙ የሚያመነጨው የሬዲዮ ጨረር) የሞገድ ርዝመት 21 ሴንቲ ሜትር በመሆኑ፣ በጀርመን የሚገኘው ባለ 100 ሜትሩ የኤፍልስበርግ ሳህን እንኳ ከ9 የቅስት ደቂቃ ገደማ ያነሰ ዝርዝር አይለይም (የቅስት ደቂቃ የዲግሪ ስልሳኛ ነው፤ ሙሉ ጨረቃ 30 ያህል ናት)፤ የጋላክሲውን ክንዶች ለይቶ ማየት የሚሻ ሰው ወደ ድርድር የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ድርድር ግን ሰማዩን በቀጥታ አይስልም፤ ተራርቀው የቆሙ የአንቴና ጥንዶች ጥቃቅኑን፣ ተቀራርበው የቆሙት ደግሞ ሰፋፊውን መዋቅር ይመዘግባሉ። ሁለት ሳህኖች ከገዛ ስፋታቸው በታች ሊቀራረቡ ስለማይችሉ፣ በሰፊው የተንጣለለው ስስ ጋዝ የሚይዘው ጥንድ ያጣል፤ የድርድሩ ድምር ሊያንስ የሚችለውም በዚህ ነው። በኒው ሜክሲኮ የሚገኘው ባለ 27 አንቴናው ቪኤልኤ፣ እጅግ በተሰበሰበበት አቀማመጡ እንኳ፣ ከ16 የቅስት ደቂቃ ገደማ በላይ የተዘረጋውን በአግባቡ አይመዘግብም።

ጋላክሲው መሽከርከሩ በዚህ ረገድ ትልቅ እገዛ ነው፤ በአንድ የፍጥነት ቻናል (በአንድ ጠባብ የፍጥነት ክልል ያለውን ጋዝ ብቻ በሚያሳይ ካርታ) የሚታየው የዲስኩ ጠባብ ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ ጉድለቱ የጋላክሲው ጠቅላላ ስፋት ከሚያስፈራው ያንሳል። ስለዚህ ካርታዎን በየቻናሉ ይመርምሩ። እኔ በአንድ ወቅት በዲስኩ ጠርዝ ላይ ጋዝ የሌለበት ሰፊ ክፍተት አገኘሁ ብዬ ሳምንታት አጥፍቻለሁ፤ በኋላ ሳየው ክፍተቱ በብሩህ ጋዝ ዙሪያ የብሩህነቱ ልክ ከዜሮ በታች የወረደበት፣ የአጭር ርቀት ጥንዶች ማነስ የፈጠረው ሐሰተኛ ጉድጓድ ነበር።

ልዩነቱን ሁሉ በዚህ ብቻ ማሳበብ ግን ስሕተት ነው። ደካማውን ጨረር እንደ ኖይዝ (የመሣሪያ ሁከት) ቆርጦ የጣለ ጭንብል፣ ማለትም የትኛው የካርታ ክፍል እንደሚደመር የሚወስን ማጣሪያ፣ ድምሩን ይቀንሳል። በተቃራኒው የትልቁ ሳህን ሰፊ እይታ የጎረቤት ጋላክሲን ጋዝ ደርቦ ሊቆጥር ይችላል፤ ኤም81፣ ኤም82 እና ኤንጂሲ 3077 የተባሉትን ጎረቤታም ጋላክሲዎች የሚያያይዙት የሃይድሮጅን ጅረቶች ይህ ሥጋት እውነተኛ መሆኑን ያሳያሉ።

ጎረቤት አለመኖሩን ካረጋገጡ፣ ለጠቅላላው መጠን የነጠላውን ሳህን፣ ለጋዙ አቀማመጥ የድርድሩን ልኬት ይመኑ፤ ቢቻል ሁለቱን ያጣምሩ። ባለ 100 ሜትር ሳህን ከዜሮ እስከ 100 ሜትር ያለውን የጥንድ ርቀት ይሸፍናል፣ የቪኤልኤ አጭሩ የጥንድ ርቀት ደግሞ 35 ሜትር ነው፤ ከማጣመርዎ በፊት በዚህ የጋራ ክልል ሁለቱ የለኩት ብሩህነት መስማማቱን ያረጋግጡ፤ ካልተስማማ ጥፋቱ የልኬት ማስተካከያው ነውና መጀመሪያ እሱን ያርሙ።