የእናታችሁን ቤት ከማፍረሳችሁ በፊት

ውድ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጀርመን ኖሬ ተመልሻለሁ። ብዙዎቻችሁ አገር ቤት ቤት ለመሥራት እያሰባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ትደውሉልኛላችሁ። ስለ ሲሚንቶ፣ ስለ ብረት፣ ስለ ካርታ ትጠይቁኛላችሁ። ስለሚፈርሰው ቤት ግን እስካሁን አንድም ሰው አልጠየቀኝም። እኔም በጊዜዬ ማንንም አልጠየቅሁም።

ቤታችን ጊንጆ የሚባለው የጅማ ሰፈር ነበር። የጭቃ ቤት ነው። ቋሚው ባሕር ዛፍ፣ በሩ ዋንዛ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ። ፊት ለፊቱ ሰፋ ያለ በረንዳ ነበረው። እዚያ ቡና ይለቀማል፣ እንግዳ ይቀመጣል፣ ዝናብ ድንገት ሲመጣ መንገደኛው ይጠለላል። ማዕድ ቤቱ ለብቻው ጓሮ ነው። ወደ ጓሮ ለመውጣት ሁለት ደረጃ ይወረዳል። ሁለተኛዋ ከመጀመሪያዋ ዝቅ ትላለች። እንግዳ ሁሉ ይደናቀፍባት ነበር፤ የቤቱ ልጅ ግን በጨለማም አይስታትም።

ያንን ቤት በስልክ አስፈረስኩት። እማዬ በብሎኬት ቤት ትኑር፣ ሽንት ቤት ከውስጥ ይሁንላት ብዬ ነው። ንድፉን ከኢንተርኔት መርጬ ላክሁ፣ ለዘመድ ውክልና ሰጠሁ፣ በሰባት ወር አለቀ። ፎቶው ሲደርሰኝ ለጓደኞቼ ሁሉ አሳየሁ።

እማዬ ያኔ መርሳት ጀምራ ነበር። የሰው ስም ይጠፋባታል፣ ቀኑ ይምታታባታል። በአሮጌው ቤት ግን ሌሊት ተነሥታ፣ መብራት ሳታበራ፣ ጓሮ ደርሳ ትመለስ ነበር። ረከቦቱን፣ ስኳሩን፣ ክብሪቱን እጇ ያውቃቸዋል። አዲሱ ቤት ከገባች በኋላ የራሷን መኝታ ክፍል ማግኘት አቃታት። ሌሊት ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጣራለች። «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ትላለች። «እማዬ፣ ቤትሽ እኮ ነው» ስንላት ግድግዳውን በእጇ ትዳስስና ዝም ትላለች።

በኋላ ነገሩ ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አነበብኩ። አንጎላችን ውስጥ ሂፖካምፐስ የሚባል ክፍል አለ። አዲስ ትዝታ እንድንይዝ የሚያደርገን እሱ ነው። የቦታ ካርታም የሚይዝልን እሱ ነው። ጆን ኦኪፍ የተባለ ተመራማሪ በ1971 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ ባደረገው ጥናት፣ አይጧ አንድ የተወሰነ ቦታ ስትደርስ ብቻ የሚነቁ የአንጎል ሴሎች እንዳሉ አሳየ። ለዚህ ሥራ በ2014 እ.ኤ.አ. ከሜይ ብሪት ሞዘርና ከኤድቫርድ ሞዘር ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። እንግዲህ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ቀድሞ ከሚጎዳቸው የአንጎል ክፍሎች አንዱ ይኸው ሂፖካምፐስ ነው። ሕመምተኛው አዲስ ካርታ መሳል ያቅተዋል። ለአርባና ለሃምሳ ዓመት የተመላለሰበት የድሮው ካርታ ግን ብዙ ጊዜ ይቆያል። የእማዬ ካርታ አልጠፋም ነበር። ካርታው የሚያሳየውን ቤት ነው ያጠፋሁባት።

ስለዚህ ወላጆቻችሁ በዕድሜ ከገፉ፣ በተለይ መርሳት ከጀመሩ፣ እባካችሁ አትቸኩሉ። ቤቱ የግድ መሠራት ካለበት ከአሮጌው ጎን አዲስ ክፍል ቀጥሉ። ሽንት ቤቱን ከመኝታ ቤታቸው ጋር አያይዙት፤ የሚለምዱት አንድ በር ብቻ ይሆናል። ማፍረስ የግድ ከሆነም አልጋቸው በዚያው አቅጣጫ፣ በሩ በዚያው ጎን ይሁን። ቁም ሣጥኑን በአዲስ አትለውጡ። የሚቀመጡባትን የጅማ በርጩማ አሮጌ ነች ብላችሁ አትጣሉ። መጋረጃ መለወጥ እንኳ ለእነሱ ቀላል አይደለም።

ውክልናን በተመለከተ አንድ ነገር ልበላችሁ። ኤምባሲ ሄዳችሁ ስትጽፉ «ማፍረስ» የሚለውን ቃል አታስገቡ። የማስጠገን፣ ግብር የመክፈል፣ ጉዳይ የመከታተል ሥልጣን ስጡ። ማፍረሱን ራሳችሁ መጥታችሁ፣ ቤቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሳምንት አድራችሁ ወስኑ። ከሩቅ ሲታይ ሁሉም የጭቃ ቤት ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል፤ ብዙው ግን አልደረሰም። የጭቃ ቤት ጠላቱ ውኃ ነው፤ የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ግድግዳው ከሥር የሚበላው ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ እየተፈናጠረ ስለሚመታው ነው። ጣሪያውን ወጣ አድርጎ በአዲስ ቆርቆሮ ማልበስ፣ አሸንዳ ማድረግ፣ ዙሪያውን በድንጋይ ማሰርና ቦይ ማውጣት ብዙ ዕድሜ ይጨምርለታል። ከሥር የበሰበሰ ቋሚ ካለ አንድ በአንድ ይቀየራል። ምስጥ ከገባ በጊዜ ይታያል። ይህን የሚያውቅ አናጢ ጅማ ውስጥ አይጠፋም፤ እንዲያውም ከተማችን በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ናት።

መፍረሱ የማይቀር ሲሆን ደግሞ ለኩት። የፖላንዷን ዋና ከተማ ዋርሶን አይቻታለሁ። አሮጌው ከተማዋ በ1944 እ.ኤ.አ. በናዚ ጦር ወደመ ማለት ይቻላል። ዛሬ የሚታየው እንደገና የተሠራው ነው። መልሶ ለመሥራት ከረዱት ነገሮች አንዱ ከጦርነቱ በፊት የሥነ ሕንጻ ተማሪዎች ቤቶቹን እየለኩ የሣሏቸው ንድፎች ነበሩ። በጦርነቱ ዘመን ሰዎች ደብቀው አቆዩአቸው። በ1980 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ያንን ዳግም የተሠራ ከተማ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። እዚያ አደባባይ ቆሜ ሳለሁ የእኛ ቤት ፈርሶ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። የሳሎናችን ወርድ ስንት ክንድ እንደነበር እንኳ አላውቅም።

መለኪያ ሜትር፣ ደብተር፣ ስልካችሁ ይበቃል። የክፍሎቹን ወርድና ቁመት፣ የበሮቹንና የመስኮቶቹን ቦታ፣ የደረጃውን ከፍታ ጻፉ። ቪዲዮ ስትቀርጹ ቀስ በሉ፤ አንዴ ደግሞ ካሜራውን በልጅ ቁመት ዝቅ አድርጋችሁ ዙሩ፤ ቤቱን ያወቃችሁት ከዚያ ነውና። ከዚያ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ይዛችሁ ክፍል በክፍል ሂዱ። «እዚህ ምን ነበር?» ብቻ በሏቸው። ሳሎን ተቀምጠው የማይነግሯችሁን፣ ማዕድ ቤቱ ደፍ ላይ ሲቆሙ ይነግሯችኋል። ማን የት እንደተወለደ፣ ለቅሶ የት እንደተቀመጡ፣ በዚያ ክፉ ጊዜ ማን የት እንደተደበቀ። በሩን ደግሞ አውልቃችሁ አዲሱ ቤት ላይ ግጠሙት። ዋንዛ ከእናንተ በላይ ዕድሜ አለው።

ጅማን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ኮረብታ ላይ ባይቆም ኖሮ፣ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ስለገዙት ንጉሥ ለልጆቻችን በቃል ብቻ ነበር የምንነግራቸው። አሁን ግን ያንን ባለ ፎቅ የእንጨት ቤትና ሰፊውን በረንዳ አይተው ራሳቸው ይጠይቃሉ። ሂርማታም የጅማ ገበያ ስም ነበር፤ ጣሊያን መጥቶ ከተማውን በአዲስ ፕላን ሲሠራም ስሙ አልጠፋም። ፈረንጅ አራዳ ፈረንጆቹ ከሄዱ ስንት ዘመኑ፣ ሰፈሩን ግን ዛሬም እንደዚያው ነው የምንጠራው። የንጉሥ ቤት ቅርስ ተብሎ ይመዘገባል። የእናታችሁን ቤት የሚመዘግብላችሁ ግን ከእናንተ ሌላ የለም።

እማዬ ከሁለት ዓመት በፊት አረፈች። ከመሞቷ በፊት በአዲሱ ቤት ፊት ለፊት በረንዳ አሠራሁላት፤ ከድሮው ጋር በአንድ አቅጣጫ፣ ወደ መንገዱ። ቀን ቀን እዚያ ስትቀመጥ ትረጋጋ ነበር። ሌሊቱን ግን ማስተካከል አልቻልኩም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ከቻላችሁ በክረምት ኑ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ለመለካትም አይመችም፤ ቢሆንም ኑ። ማታ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፣ አቡጀዲው ሥር ጋደም ብላችሁ ስልካችሁን ክፈቱና ድምፁን ቅዱ። የአሁኑ ቤታችን ጣሪያው ኮንክሪት ነው፤ ዝናብ መዝነቡን የማውቀው ጠዋት በሩን ስከፍት ነው።