ስለ ቆዩ ፎቶዎቻችን ጠይቁኝ፤ ከልዑል ዓለማየሁ እስከ አበበ ቢቂላ

ሰላም ለሁላችሁ። በድሮ ፎቶዎች ላይ ስለምናያቸው ሰዎች የላካችሁትን ጥያቄ ተራ በተራ ልመልስ። ቀኖቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የአፄ ቴዎድሮስ እየተባለ የሚለጠፈው ፎቶ እውነት የሳቸው ነው?

አይደለም። ንጉሡ በሕይወት እያሉ የተነሡት ፎቶ እስካሁን አልተገኘም። ካሜራ ግን መቅደላ ድረስ መጥቷል፤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የነበሩ ወታደር ፎቶ አንሺዎች አምባውንም መንገዱንም አንሥተዋል። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሰዉ። ፊታቸውን ከሞቱ በኋላ በሥዕል ያስቀረው ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆምስ ነው።

ጥያቄ፦ የልዑል ዓለማየሁ ፎቶ ሁሌም አንጀቴን ይበላዋል። ማን አነሣው? አብሮት ያለው ፂማም ነጭስ ማን ነው?

እህቴ፣ የኔንም ይበላዋል። ያነሣችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል እንግሊዛዊት ናት፤ በዘመኗ አሉ ከሚባሉ ፎቶ አንሺዎች አንዷ ነበረች። ቦታው ዋይት የተባለችው የእንግሊዝ ደሴት ነው፣ ጊዜው ሐምሌ 1860። እስቲ ወሩን ልብ በይው። አባቱ አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ ገና ሦስት ወር ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከመቅደላ ወደ ባሕሩ ሲጓዙ፣ መርከቡ ጋ ሳይደርሱ መንገድ ላይ አርፈዋል። ልጁ 7 ዓመቱ ነው። ፊቱን ስታዪው ይሄንን ሁሉ ይዘሽ እዪው።

ፂማሙ ሰውዬ የልጁ አሳዳጊ የነበረው እንግሊዛዊ መኮንን ካፒቴን ስፒዲ ነው፤ የኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ ይሉት ነበር። ግዙፍ ሰው ነው፣ አማርኛ ይችላል፣ በፎቶው ላይ የለበሰውም የሐበሻ ልብስ ነው። ልጁ እሱን ሙጭጭ ብሎ ይይዝ ነበር፤ በኋላ ግን ነጣጠሏቸውና ለሌላ አሳዳጊ ሰጡት። ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ በ1872 አረፈና ዊንድሶር ተቀበረ። አጽሙ ይመለስ የሚለው ጥያቄ ስንት ጊዜ ቀርቧል፤ በ2015 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎቹን መቃብር ሳንነካ ማውጣት አይቻልም ብሎ መልሷል። እኔ ይሄ መልስ አይዋጥልኝም። ሕፃን ሆኖ ያለ ፈቃዱ የተወሰደ ልጅ ነው፤ አገሩ መግባት አለበት።

ጥያቄ፦ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮጠበት ፎቶ ለምን ጨለማ ሆነ?

ማታ ስለነበረ ነዋ! የሮማ ማራቶን የተጀመረው አመሻሽ ላይ ነው፤ መንገዱ ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ጫማው ስላልተመቸው አውልቆት ሮጠ፤ ድሮም ያለ ጫማ ይለማመድ ስለነበር አዲስ አልሆነበትም። ደረቱ ላይ 11 ቁጥር አለ። እስከ መጨረሻው አካባቢ ሞሮኳዊው ራዲ ከጎኑ አልጠፋም፤ አበበ ጥሎት የሄደው ያኔ ሮም ቆሞ የነበረው የአክሱም ሐውልት አካባቢ ሲደርስ ነው፣ ጣልያን ከእኛ ዘርፎ የወሰደው ያ ሐውልት። የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ይሄን ስጽፍ እንኳ ይወረኛል።

ጥያቄ፦ መሬት ላይ ተንጋሎ እግሩን የሚያነሣበትስ? ወድቆ ነው?

ኧረ በጭራሽ! ያ ቶኪዮ ነው፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957። አሸንፎ ከገባ በኋላ ሜዳው ላይ ስፖርት እየሠራ ነው። ትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ከሆነ ገና ወር ከምናምን ቢሆነው ነው። ሁለተኛው ሲገባ ከ4 ደቂቃ በላይ አልፎ ነበር።

ጥያቄ፦ ጃንሆይ ከረጅሙ የፈረንሳይ መሪ ጎን የሚሄዱበት የት ነው?

ዋሽንግተን፣ የኬኔዲ ቀብር ላይ፣ ኅዳር 15 ቀን 1956። ረጅሙ ደጎል ናቸው። ሰው ብዙ ጊዜ የቁመታቸውን ልዩነት ብቻ ያያል። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ግን እዚያው ከተማ ኬኔዲ ራሳቸው ባቡር ጣቢያ ወጥተው ጃንሆይን ተቀብለዋቸው ነበር። የአቀባበሉም ፎቶ አለ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩዋቸው።

ጥያቄ፦ ጄኔቫ ላይ ሲናገሩ የተነሡትስ?

ሰኔ 23 ቀን 1928፣ ጣልያን አገራችንን ከወረረች በኋላ፣ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ላይ ነው። ንግግሩ በአማርኛ ነበር። ሊጀምሩ ሲሉ የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት አዳራሹን አናወጡት፤ እስኪያስወጧቸው ድረስ ጃንሆይ ዝም ብለው ቆመው ጠበቁ። ለኔ ትልቁ ነገር ያ መቆማቸው ነው።

ጥያቄ፦ አያቴ ትተውልን የሄዱት ፎቶ አለ፣ ማን እንደሆነ አናውቅም። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ገልብጠህ ጀርባውን እይ። የፎቶ ቤት ማኅተም ካለ ከተማውንም ዘመኑንም ይጠቁምሃል። ለምሳሌ ቦያጂያን የሚል ካገኘህ፣ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤተ መንግሥቱን ሲያነሡ የኖሩት አርመኖች ናቸው። ጀርባው ላይ ዓመት ከተጻፈ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ አጣራ፤ 7 እና 8 ዓመት የሚያሳስተው እሱ ነው። ላሚኔት አታስደርገው፣ ይበላሻል። በስካነር አስነሣውና ኮፒውን ለቤተሰቡ ትልልቅ ሰዎች አሳይ፣ ውጭ አገር ላሉትም ላክላቸው። ስም የሚነግርህ ስታገኝ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ፣ ሳትጫን ጻፈው።