«እጮኛዬ ሕመሜን ሰበብ ይለዋል»

ጤና ይስጥልኝ፣

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የማሽን ኦፕሬተር ነኝ። ማይግሬን የሚሉት ከባድ ራስ ምታት አለብኝ። ሲነሳብኝ ግራ ዓይኔን ከውስጥ ይወጋኛል፣ መብራት ማየት አልችልም፣ ያስመልሰኛል። በቀረሁ ቁጥር የመገኘት ጉርሻዬ ስለሚቀር እቁቤን የምጥለው ተበድሬ ነው። ሱፐርቫይዘሬ «ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው የሚያምሽ?» ይለኛል። እንዳልቀር ብዬ በየጠዋቱ ማስታገሻ እውጣለሁ፤ ሕመሙ ግን ጭራሽ ብሶበታል።

አብረውኝ የተከራዩት ልጆች «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ያሹልኛል። ማታ እጣን ሲያጨሱ ግን በረንዳ ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ። እጮኛዬ ደግሞ የቅዳሜ ቀጠሯችን ሲሰረዝበት «እኔን ለማግኘት ሲሆን ነው የሚያምሽ» ብሎ ስልኬን ማንሳት ትቷል። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከሐዋሳ

መልስ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ኪኒኑ። ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለወራት ሲወሰድ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። አንቺ በየቀኑ እየዋጥሽ ነው፤ «ብሶበታል» ያልሽው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሲቆም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚከብዱ ብቻሽን አትጀምሪው፤ ጤና ጣቢያ ሂጂና የምትውጪውን ሁሉ ሳትደብቂ ተናገሪ። ሐኪሙ እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ፣ ሕመሙ እንዳይነሳ የሚከላከል መድኃኒት ሊያዝልሽ ይችላል፤ አስም ካለብሽ አስቀድመሽ ንገሪው። በቅጽበት የሚጠና ወይም አንደበት የሚያስር ሕመም ከመጣብሽ ግን ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ስትወጪ የሐኪም ወረቀት ያዢ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ ነው። በቀረሽ ማግስት ማሳወቅ ግን ግዴታሽ ነው። ስለ ጉርሻው የሥራ ውልሽን እዪ። ለእቁቡ ዳኛም ችግርሽን ንገሪው፣ ዕጣ ቢያስቀድምልሽ ከብድሩ ትወጫለሽ።

ልጆቹን «እጣኑን በረንዳ ላይ አጭሱልኝ» በያቸው። ዳማከሴ ያሹ እጆች ይህን አይነፍጉሽም።

የሳምንቱ ውጥረት ሲላላና የእንቅልፍ ሰዓት ሲዛነፍ ማይግሬን የሚነሳባቸው ብዙ ናቸው። ስለዚህ ቅዳሜና ሰኞ መምጣቱ ተንኮል አይደለም (ለሱፐርቫይዘርሽም መልሱ ይኸው ነው)። እጮኛሽን ጤና ጣቢያ ይዘሽው ሂጂ፤ ካንቺ ያላመነውን ከሐኪሙ አፍ ይስማ። ያኔም «ሰበብ ነው» ካለ፣ እኔ ብሆን ሽማግሌዎቹ እንዳይመጡ አደርግ ነበር።