ጉርብትና ሥራ ነበር

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ጀሞ ላይ መብራት ጠፋ። እኔ የምኖረው ሁለተኛ ፎቅ ነው። ሻማ ፍለጋ መሳቢያ ስጎረጉር ከደረጃው በኩል ድምፅ ሰማሁ። በሩን ስከፍት ኮሪደሩ ሰው ሞልቶታል። አንዱ የስልኩን ባትሪ አብርቶ ቆሟል። አንዷ ልጇን ታቅፋ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ሁለት ወጣቶች "የኛ ብሎክ ብቻ ነው ወይስ ሰፈሩ ሁሉ?" እየተባባሉ በመስኮት ያያሉ። አንዷ ቆሎ ይዛ ወጣች። ተጨዋወትን፣ ሳቅን። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መብራት መጣ። ሁሉም "መጣ! መጣ!" አለና ወደየቤቱ ገባ። በሮቹ ተራ በተራ ተዘጉ።

ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። አብረውኝ ከሳቁት ልጆች የሦስቱን ስም አላውቅም ነበር። አንዱን ከኔ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ሌሊት ሲያስል እሰማዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለእናንተ ለወጣቶቹ ያስጻፈኝ ያ ማታ ነው። ሰፈሩ ሲስተር ይለኛል። ለ31 ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት በአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ።

ታማሚ ሲመጣ ካርዱ ላይ የምንሞላው አንድ መስመር አለ፤ አስታማሚ ይላል። በእኛ አገር ሆስፒታል አስታማሚ ማለት ብዙ ነገር ነው። ምግብ ያመጣል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ ሌሊቱን ወለል ላይ ይተኛል። ሥራ ስጀምር ያ መስመር ባዶ ሆኖ አላየሁም። ዘመድ የሌለው ሰው እንኳ ጎረቤት ይዞት ይመጣ ነበር፤ ወይም የዕድር ሰው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን ብቻቸውን በታክሲ የሚመጡ ወጣቶች ማየት ጀመርኩ። የተማሩ፣ ሥራ ያላቸው፣ ንጹሕ የለበሱ ልጆች። "እዚህ መምጣትህን ማን ያውቃል?" ስል ትንሽ ያስቡና "ማንም" ይሉኛል። ያቺን "ማንም" እስከ ዛሬ አልለመድኳትም።

ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። ስሙ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች የመጣ ነው፤ እኛ ግን የኖርነው ከነዚያ ቤቶች ጀርባ፣ በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ የቀበሌ በሆነ የጭቃ ቤት ነበር። በአንድ ግቢ ሰባት አባወራ። አንድ ሽንት ቤት። ውሃ ከቦኖ።

ያንን ኑሮ አላስውብላችሁም። ጠዋት ሽንት ቤት ለመግባት ወረፋ ነበር። የአንዱ ቤት ጠብ የሰባቱ ቤት ወሬ ነበር። የወለደች፣ የተፋታች፣ ከሥራ የተባረረ ሁሉ በሰው አፍ ያድር ነበር። ባሏ የሚመታት ጎረቤታችን ነበረች። ገላጋይ በየጊዜው ይገባል፤ መጨረሻ ላይ "ቻይው" ብለው ይወጣሉ። ቻለችው። ስትሞት ገና ሽማግሌ አልሆነችም ነበር። ስለዚህ ዛሬ በራችሁን ዘግታችሁ "የራሴ ቦታ ይኑረኝ" ስትሉ እረዳችኋለሁ። እኔም የዚህን ኮንዶሚኒየም ቁልፍ ስረከብ መጀመሪያ ያደረግኩት በሩን ዘግቼ ዝም ብዬ መቀመጥ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጸጥታ አግኝቼ አላውቅም ነበር።

ግን ከጸጥታው ጋር አብሮ የሄደ ነገር አለ። ምን እንደሆነ የገባኝ እናቴ ከሞተች በኋላ ነው።

እናቴ በየቀኑ ቡና ታፈላ ነበር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። እኔ ተላላኪ ነበርኩ፤ "ሂጂ፣ ቡና ደርሷል በያቸው" እባላለሁ። ነርሲንግ ስማር ይህን ሁሉ ጊዜ ማባከን አድርጌ አየሁት። ለእናቴም በአፌ ነገርኳት። በኋላ፣ ዎርድ ውስጥ ታማሚ ስከታተል፣ እናቴ ምን ትሠራ እንደነበር አየሁ። ከቡና አጣጪዎቿ አንዷ ከቀረች "ዛሬ ምን ሆና ነው?" ይባላል። ሁለተኛ ቀን ከቀረች ሰው ይላካል። ሦስተኛ ቀን እናቴ ነጠላዋን ታጣፋና ራሷ ትሄዳለች። ያ ቡና ክትትል ነበር። እኛ በደመወዝ የምንሠራውን እሷ በነጻ ትሠራው ነበር።

ዕድሩም እንደዚሁ ነው። ጥሩንባ ነፊው ጎህ ሳይቀድ ይዞራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ይደረደራል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ልጅ ሆኜ ይህ ሁሉ እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። ሰፈር ማለት በቃ እንዲህ ነው እላለሁ። ለካ ሥራ ነበር። የሚደክም፣ ጊዜ የሚበላ ሥራ። አብዛኛውን የሠሩት ደግሞ እናቶቻችን ናቸው። እነሱ አረጁ፣ አለፉ። ልጆቻቸው ቢሮ ገባን። በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ ከቀሩት ጎረቤቶቻችን ገሚሱ ገላን ጉራ ገባ፣ ሌላው በየአቅጣጫው ተበተነ። ሥራውን ከእጃቸው የተረከበ ሰው የለም። ሁላችንም ሰፈሩ ጠፋ ብለን እናዝናለን እንጂ "ያንን ሥራ አሁን ማን ይሥራው?" ብለን አንጠይቅም።

ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ ጎረቤትን የሚመርጥልህ ዕጣ ነው። መምህሩ፣ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ተከራዩ ተማሪ በአንድ ደረጃ ይወጣሉ፤ አንዳቸውም ሌላውን መርጠው አልመጡም። ሕንፃውን ያቀዱት ሰዎች ይህን ያሰቡበት ይመስለኛል። ለዚህ ነው ኮሚናል የሚባለው ቤት አብሮ የተሠራው፤ ለቅሶ እንዲቀመጡበት፣ በርበሬ እንዲያዘጋጁበት፣ በግ እንዲያርዱበት። የኛው ግን ለብዙ ዓመት የአሮጌ ዕቃ ማከማቻ ሆኖ ኖረ። ቤት ነበረ፤ የሚጠቀምበት ሰው አልነበረም።

አሁን የምነግራችሁ ታሪክ የሚከብደኝ ነው። የታሪኩ ባለቤት ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው።

ከኔ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ልጅ ስቱዲዮ ተከራይታ ትኖር ነበር። ደረጃ ላይ ስንገናኝ "ደህና አደሩ?" ትለኛለች፤ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርሽ?" እላታለሁ። በቃ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ግን ኮቴዋን እሰማ ነበር። ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ። በማግስቱም እንደዚያው። እንቅልፍ ማጣት ምን እንደሚናገር ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ስንት ዓመት የሠራሁበት ነገር ነው። "የወጣት ነገር፣ ስልኳን እያየች ይሆናል" ብዬ ዞሬ ተኛሁ። ለወራት።

አንድ ቀን ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሳምንት ላይ፣ ደረጃው ላይ ጀሪካን ይዛ ተቀምጣ አገኘኋት። ታለቅሳለች። "ምን ሆንሽ የኔ ልጅ?" አልኳት። "ምንም አልሆንኩም ሲስተር፣ ደክሞኝ ነው።" ጀሪካኑን ለሁለት ይዘን ወደኔ ቤት አስገባኋት። ሻይ አፈላሁ። ዙሪያዋን አየችና "እዚህ ሕንፃ ላይ ሰው ቤት ስገባ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው" አለች። አንድ ዓመት ከአራት ወር ኖራለች።

ቆይታ አባቷ እንደሞቱ ነገረችኝ። አምስት ወር ሆኗቸው ነበር። ደሴ ሄዳ ቀብራ፣ ሰልስት ወጥታ፣ ሥራ እንዳይቀርባት በአራተኛው ቀን ተመልሳለች። ጥቁር ልብስ ለብሳ በዚህ ደረጃ ወጥታ ወርዳለች። ማናችንም "እግዚአብሔር ያጥናሽ" አላልናትም። በእኛ አገር ሐዘንተኛ ሆኖ እንዲህ መታለፍ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እኔም ካለፏት አንዷ ነኝ።

ልጆቼ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የማደርገውን ልንገራችሁ። ትልቅ ነገር አይደለም።

ጥያቄዬን ቀየርኩ። የኛ ሰላምታ ቆንጆ ነው፤ ግን መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። "ደህና ነህ?" ላለህ ሰው "እግዚአብሔር ይመስገን" ወይም "አልሐምዱሊላህ" ትላለህ፤ ቤትህ እየተቃጠለም ቢሆን። ስለዚህ ከሰላምታው በኋላ አንድ ተራ ነገር እጨምራለሁ። "እንቅልፍ እንዴት ነው?" "ምሳ በላህ?" "እናትህ እንዴት ናቸው?" ከዚያ ዝም እላለሁ። ሰው እውነቱን የሚናገረው ያን ጊዜ ነው።

አዲስ ሰው ሲገባ ሰሃን ይዤ እሄዳለሁ። ድሮ ለአዲስ ገቢ ቡና የሚያፈላው ነባሩ ነበር። ዛሬ ነባሩ ካልመጣ እናንተ ቅደሙ። አዲስ የገባችሁት እናንተ ብትሆኑም በፎቃችሁ ያሉትን ሦስት በሮች አንኳኩና ጥሩ። የቡና ዋጋ የት እንደደረሰ አውቃለሁ፤ ሻይና ቆሎ ይበቃል። ሰሃን ደግሞ ባህል አለው፤ ባዶውን አይመለስም። የረመዳን ሳምቡሳ ይዞ የመጣ ሰሃን ለፋሲካ ድፎ ይዞ ይሄዳል። በዓል ሲመጣ ቅርጫ ግቡ። በሬ ለመግዛት ስም ዝርዝር ይያዛል፣ ገንዘብ ይሰበሰባል፣ መደቡ ሲከፈል ሁሉም ቆሞ ያያል። የአንድ ብሎክ ሰው ስም ለስም የሚተዋወቅበት እንደዚያ ያለ ቀን እኔ አላየሁም።

ዕድር የሽማግሌ ነገር አይምሰላችሁ። ተከራይ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ። ብዙዎቻችሁ "ነገ ለምለቀው ቤት ምን አደከመኝ" ትላላችሁ፤ ሰምቻችኋለሁ። አከራይ በየዓመቱ ሲያስለቅቃችሁ ስለኖራችሁ አልፈርድባችሁም። ግን ከ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅ ወዲህ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ሁለት ዓመት ሰው ለማወቅ ብዙ ነው።

ለወንዶቹ አንድ ነገር ልጨምር። እናንተ ኳስ አብራችሁ ታያላችሁ፣ ጀበና ቡና ጋ ትቀመጣላችሁ፤ ጥሩ ነው። ጫት ቤት አብሮ መዋልን ግን እንደ ጓደኝነት አልቆጥረውም። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን ላይ እንደሚደርስ አይቻለሁ። የብሎካችሁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይም "ውሃ መጣ?" እና "የጥበቃ ክፈሉ" ብቻ አይጻፍ። "እንትና አሞታል፣ እንጠይቀው" ተብሎ ይጻፍበት።

ሙያዬ ስለሆነ ይህን ሳልል ማለፍ አልችልም። ቡና ሕክምና አይደለም። ሐዘንና ድካም ሁሉ በሽታ አይደለም፤ በሽታ የሆነ ድብርትም በጨዋታ አይድንም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀኑን ሙሉ ልብህ ከጨለመ፣ ትወደው የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላህ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛቡ፣ ሥራ ካቃተህ፣ ጤና ጣቢያ ሂድ። ጓደኛህ መሞት እፈልጋለሁ ካለህ አትቆጣው፣ ምስጢር እጠብቃለሁ ብለህም አትማልለት። ብቻውን አትተወው። አብረኸው ሂድና አስታማሚ በሚለው መስመር ላይ ስምህን አስጽፍ። ጠበል የምትሄዱ ሂዱ፣ የምትጸልዩ ጸልዩ፤ መድኃኒቱን ግን ሐኪም ሳያማክሩ ማቋረጥ ብዙ ሰው ጎድቷል። አማኑኤል የሚለውን የሆስፒታል ስም መሰዳደቢያ ማድረግም ይብቃ። እዚያ የሚሄደው የኛው ወንድም ነው።

ያቺ ልጅ ታክማ ተሽሏታል። ለሕክምናው የሄድነው አብረን ነው፤ ቀጠሮዋን ግን ራሷ ጠበቀች። የአባቷን ዓመት ሲያወጡ ከብሎኩ አራት ሴቶች ሆነን ደሴ ሄድን። በኋላ ሥራ ቀየረችና ወደ የካ አባዶ ሄደች። ለመሰነባበቻ የሰጠኋት ሰሃን እስካሁን እሷ ጋ ነው።

ባለፈው ወር ከመሸ ደወለች። ድምፅዋ የቸኮለ ነበር።

"ሲስተር፣ ከፊት ለፊቴ ያለችው ሴትዮ እናቷ አርፈውባት ነው። ለሃምሳ ሰው ንፍሮ ስንት ኪሎ ይበቃል?"

"ማን ሊቀቅለው ነው?" አልኳት።

"እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንጃ፣ ሁሉም በሩን ዘግቷል። ሁለቱን አንኳኩቼ አስነስቻለሁ።"

ስንዴውን ነገርኳት፣ ሽምብራውን ነገርኳት። ሽምብራውን አሁኑኑ እንድትዘፈዝፈው፣ ድስት ከሌላት የዕድሩን ዕቃ ክፍል የሚጠብቀውን ሰው ጠይቃ እንድታስከፍት። ወረቀት ፈልጋ ስትጽፍ ከጀርባዋ በር ሲንኳኳና ሰው ሲገባ ይሰማኝ ነበር።