ኳሱን ለተጋጣሚ ያቀበለው ልጅ

ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ሆነን አንዳችሁ «ጋሼ፣ በናንተ ጊዜ የነበሩት የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ከአሁኖቹ ይበልጣሉ?» ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። «ኧረ የት ይገናኛሉ!» ብዬ አለፍኩት። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን መልሴ ከነከነኝ። የሽማግሌ መልስ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩላችሁ።

ዋሽንግተን የገባሁት በሱዳን በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ያደግሁት በእግር ኳስ ስለሆነ ስለ ቅርጫት ኳስ የማውቀው ነገር አልነበረም። ቀን እማራለሁ፣ ማታ ፓርኪንግ እሠራለሁ። ገንዘብ የምንቀበልባት ጠባብ ክፍል ውስጥ አንቴናዋ በሽቦ የታሰረች ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበረች። አብሮኝ የሚያድረው ሰው ደግሞ እዚያው ተወልዶ ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው፤ ጆርጅታውን ሲጫወት መኪና ቢመጣም አይነሣም። እኔ ነኝ የምነሣው።

ጆርጅታውን የሀብታም ሰፈር ውስጥ ያለ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው። አሰልጣኙ ግን የከተማው ልጅ ጆን ቶምፕሰን ነበር፤ 2 ሜትር ከ8 ሳንቲሜትር ቁመት፣ ትከሻው ላይ የማትለየው ነጭ ፎጣ። መሐል ላይ የሚቆመው ፓትሪክ ኢዊንግ በ12 ዓመቱ ከጃማይካ የመጣ ስደተኛ ነው። ተጋጣሚ ሜዳ ሲሄድ «ኢዊንግ ማንበብ አይችልም» የሚል ጽሑፍ ይዘው ይጠብቁት ነበር፤ የሙዝ ልጣጭም ተወርውሮበታል። እሱ ግን በ4 ዓመት ዲግሪውን ይዞ ወጣ። እንግሊዝኛዬ ሲሳቅበት የሚውል ሰው ስለነበርኩ፣ ለምን እንደወደድኩት ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

የ1982ቱን የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮና ፍጻሜ ያየሁት በዚያች ክፍል ነው። ጨዋታው ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ከ61 ሺህ በላይ ሰው ፊት ነበር። ገና ሲጀመር ኢዊንግ የተጋጣሚውን የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲን ኳስ ከአየር ላይ ይለቅም ጀመር። እኔ አጨበጨብኩ፤ ሽማግሌው ሳቀብኝ። ለካ ወደ ቀለበቱ መውረድ የጀመረ ኳስ ከተነካ እንደገባ ይቆጠራል! የኖርዝ ካሮላይና የመጀመሪያዎቹ 8 ነጥቦች የተገኙት እንዲህ ነው፤ አንዱም ኳስ በመረቡ አላለፈም። ጨዋታው ያለቀው በኖርዝ ካሮላይና አሸናፊነት 63 ለ62 ነው። የሒሳብ ሰው ነኝና ይህቺን 8 እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ሊያልቅ ሃያ ሰከንድ ሳይሞላ ማይክል ጆርዳን የሚባል የኖርዝ ካሮላይና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከግራ በኩል ወርውሮ አገባ። ይህንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያ ጆርጅታውን ለመጨረሻ ጊዜ ኳሱን ይዞ መጣ። ፍሬድ ብራውን የሚባለው የሁለተኛ ዓመት ልጅ በጎን ዓይኑ ያየው ሰው የራሱ ወገን መስሎት አቀበለው። ሰውየው ጄምስ ወርዚ ነው፤ የኖርዝ ካሮላይና ተጫዋች። እጁ ላይ አስቀመጠለት። ሽማግሌው ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ።

ሰዓቱ ሲያልቅ ቶምፕሰን ምን አደረገ መሰላችሁ? ልጁን ሳብ አድርጎ አቀፈው፤ አገር ሁሉ እያየ። ከ2 ዓመት በኋላ ሲያትል ላይ ሂውስተንን 84 ለ75 አሸንፈው ዋንጫውን ሲያነሡ፣ ያው ብራውን ቡድኑ ውስጥ ነበር፤ እንደገና ተቃቀፉ። ቶምፕሰን ያንን ዋንጫ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ ሆነ። (በ1985 በቪላኖቫ ዩኒቨርሲቲ የተሸነፍንበትን ፍጻሜ አታንሡብኝ፤ 28 ወርውረው 22 አገቡብን።)

ትናንት ከዛሬ ይሻል ነበር እያልኩ አይደለም። ከ2021 ወዲህ ልጆቹ በስማቸው ገንዘብ ማግኘት መቻላቸውን እኩዮቼ ያማርራሉ፤ እኔ እሰየው ብያለሁ። የኛዎቹ አዳራሽ ሲሞሉ ገንዘቡን የሚወስደው ሌላ ነበር። ቶምፕሰንም ቢሮው ውስጥ አየሩ የወጣ ኳስ ያስቀምጥ ነበር፤ ኳሱ ሲተነፍስ ምን ይዛችሁ ትቀራላችሁ ለማለት።

አሁን ስለ ራሴ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአንድ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። አንዲት የኛው ልጅ፣ ከተቀጠረች ዓመት ያልሞላት፣ 5,400 ማለት ሲገባት 4,500 ጻፈች። ልዩነቱ 900 ነው። ልዩነት ለ9 እኩል ከተካፈለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቁጥር ቦታ መለዋወጡ ነው፤ በሁለት ደቂቃ ይገኛል። ሪፖርቱ ግን ደንበኛው ዘንድ ደርሷል። ሰው ሁሉ ባለበት ጮህኩባት። በእንግሊዝኛ ጀምሬ በአማርኛ ጨረስኩ። በወሩ ለቀቀች። ይህ ሁሉ ሲሆን ከወንበሬ ኋላ ግድግዳው ላይ የቶምፕሰን ፎቶ ከነነጭ ፎጣው ተሰቅሏል።

እና ልጆቼ፣ ያንን ጨዋታ ፈልጋችሁ ስታዩ የጆርዳን ኳስ ገባ ብላችሁ አትዝጉት፤ ጥቂት ቆዩ። ሥራ ልትቀጠሩ ስትሄዱም ደመወዙን ከጠየቃችሁ በኋላ፣ ባለፈው ዓመት ትልቁን ስሕተት የሠራው ሰው አሁን የት እንዳለ ጠይቁ። መልሱ «ለቋል» ከሆነ፣ አለቃው እኔን የመሰለ ሊሆን ይችላል።

ልጅቷን ከብዙ ዓመት በኋላ ልቅሶ ቤት አገኘኋት። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት፣ «ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ልዩነቱን ለ9 አካፍላለሁ» አለችኝና ውሃ ልታመጣልኝ ተነሣች።