መልስ፦ የሉጋርድ የግል ደብዳቤዎች ለታሪክ ይጠቅማሉ ወይ?

«በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን የናይጄሪያ ገዥ የነበረው ሉጋርድ ለሚስቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች የቤት ወሬ አይደሉም ወይ?» ላልከው፣ እኔ እንደውም ከመንግሥት ሪፖርቱ በፊት እነሱን ነው የማስቀድመው ወንድሜ። ሰነዶቹ ኦክስፎርድ ናቸው፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት። ሚስቱ ፍሎራ ሾው ደግሞ ዝም ብላ የባለሥልጣን ሚስት አልነበረችም፤ የታይምስ ጋዜጠኛ ነበረች፣ «ናይጄሪያ» የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1897 ጋዜጣው ላይ ያቀረበችው እሷ ናት። በ1902 ተጋቡ። ግን የናይጄሪያ አየር አልስማማ ብሏት ታማ ወደ እንግሊዝ ተመለሰች። ሰውዬው ታዲያ ምን ቢያስብ ጥሩ ነው? በየዓመቱ ስድስት ወር ለንደን ቁጭ ብዬ ሰሜን ናይጄሪያን ላስተዳድር ብሎ ዕቅድ አቀረበ! (ድፍረቱ!) አለቆቹ እምቢ አሉት፣ በ1906 ለቀቀ። ዕቅዱን ብቻ ካነበብክ የአስተዳደር ማሻሻያ ነው የሚመስልህ፤ ከጀርባው የሚስት ናፍቆት እንዳለ የሚነግሩህ ደብዳቤዎቹ ናቸው።