ስለ ሴት ወታደራዊ አብራሪዎች የጠየቃችሁን

ሕንድና ፓኪስታን በ1999 በተዋጉበት የካርጊል ጦርነት ሄሊኮፕተር ስላበረረችው ሕንዳዊት ጉንጃን ሳክሴናና ከጎኗ ስለቆሙት አባቷ ከጻፍን ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን እንመልሳለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በሕይወቷ ላይ የተሠራውን ፊልም አይቼ ተናደድኩ። እውነት አየር ኃይሉ ውስጥ በሴትነቷ እንደዚያ አንገላተዋታል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁሉም እንደ ፊልሙ አይደለም። በ1996 ሰሜን ሕንድ ውስጥ ባለው የኡዳምፑር ጣቢያ ስትመደብ ብቻዋን አልነበረችም፤ ሽሪቪድያ ራጃን የተባለች ሌላ ሴት አብራሪም ነበረች፤ በ1999 ሁለቱም በጦርነቱ በረዋል። ፊልሙ በ2020 ሲወጣ የሕንድ አየር ኃይል ቅሬታውን በደብዳቤ አሰምቷል። ሳክሴናም ለዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሰጠችው ቃል ተቋሙ በሴትነቷ እንዳላዳላባት፣ አገሯን እንድታገለግል ዕድል እንደሰጣት ተናግራለች። ሴትን ዝቅ አድርገው የሚያዩ ግለሰቦች እንደነበሩ ግን አልደበቀችም።

ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ደንቡ በሩን ከፈተ ማለት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ልቡን ከፈተ ማለት አይደለም። አብራሪ የሚሠራው በበረራ ሰዓት ነው፤ ሰዓቱን የሚያድለው ደግሞ መርሐ ግብር አውጪውና አስተማሪው ነው። በረራዋ በሰበብ በአስባቡ የሚሰረዝባት ሠልጣኝ ፈተና ስትቀርብ እጇ ያልሟሸ ሆኖ ትገኛለች፤ ያኔ «አላልናችሁም?» ይባላል። መከላከያው መዝገብ ነው። ቀኑን፣ የታቀደውን በረራ፣ የተሰረዘበትን ምክንያትና የሰረዘውን ሰው በዕለቱ ትጻፍ። በወሩ መጨረሻ ሰዓቷን አብረዋት ከገቡት ጋር ታስተያይና ልዩነት ካለ በጽሑፍ ትጠይቅ። «አድልዎ ተፈጸመብኝ» ብቻ ካለች ክርክር ይነሣል፤ «እነሱ 20 ሰዓት በረሩ፣ እኔ 11» ካለች ግን አለቃው መልስ መስጠት ግድ ይሆንበታል።

ጥያቄ፦ የጦር ሄሊኮፕተር መሪ ጉልበት ይጠይቃል ይባላል። ሴት ትችለዋለች? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሳክሴና ያበረረችው ቺታ የፈረንሳዩ ላማ ሄሊኮፕተር ሕንድ ውስጥ ሲመረት የተሰጠው ስም ነው። መሪው በሃይድሮሊክ (በፈሳሽ ግፊት) ስለሚታገዝ በቀላሉ ይንቀሳቀሳል። ሃይድሮሊኩ ከተበላሸ መሪው ይከብዳል፤ የዚያን ጊዜ አብራሪው ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ድንገተኛ መታጠፍን ትቶ፣ ሜዳ ፈልጎ ያርፋል። ይህ ወንዱም ሴቷም የሚሠለጥኑበት ነው።

በካርጊል ዙሪያ አብራሪን የሚፈትነው ከፍታው ነው። 5,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሞተሩም ተሽከርካሪ ክንፉም የሚያገኙት አየር ስስ ስለሚሆን የሚጫነው ነገር በኪሎ ተሰልቶ ይጫናል። ነዳጅ ያበዛ ወይም የቁስለኛውን ክብደት አሳንሶ የገመተ አብራሪ ማረፊያው ጋ ደርሶ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ለመቆም ኃይል ያጥረዋል። እዚያ የሚያድነው የክንድ ጡንቻ ሳይሆን ከመነሣት በፊት በወረቀት ላይ የተሠራ ትክክለኛ ስሌት ነው። (ላማ በ1972 እስከ 12,442 ሜትር ወጥቶ የሄሊኮፕተር የከፍታ ክብረ ወሰን ይዞ ነበር፤ ማሽኑ ለተራራ የተፈጠረ ነው።)

ጥያቄ፦ ልጄ 17 ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ 158 ሴንቲ ሜትር። የአሜሪካ አየር ኃይል አብራሪ መሆን ትፈልጋለች። «አጭር ነሽ» ብለው መለሷት። አባት ነኝና ምን ላድርግላት? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ የነገሯት የድሮውን ደንብ ነው። አብራሪ ከ163 እስከ 196 ሴንቲ ሜትር ይሁን የሚለው ወሰን በ2020 ተነሥቷል። አሁን የሚታየው ሰውነቷ ለየትኛው አውሮፕላን ኮክፒት (የአብራሪ ክፍል) እንደሚስማማ ነው። የድሮው ወሰን በነበረበት ጊዜም ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ብዙዎቹን ያስቀረው ይህን አለማወቅ ነው።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ለኳት። ጠንካራ በርጩማ ከግድግዳ አስጠግተው፣ ጀርባዋንና የራሷን ኋላ ግድግዳው ላይ አስደግፈው ያስቀምጧት። መጽሐፍ አናቷ ላይ አጋድመው ግድግዳው ላይ ምልክት ያድርጉና ከበርጩማው እስከ ምልክቱ ይለኩ። ከዚያ ከመቀመጫዋ ኋላ እስከ ጉልበቷ ጫፍ፣ በመጨረሻም እጇን ወደፊት ዘርግታ ከግድግዳው እስከ አውራ ጣቷ። የመጀመሪያው ልክ ከአውሮፕላኑ አፍንጫ በላይ አሻግራ ማየቷን፣ ሁለተኛው ከእግሯ ርዝመት ጋር ሆኖ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው መግፋቷን፣ ሦስተኛው ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ጋ መድረሷን ይነግራል። ሶፋ ላይ አይለኩ፤ ይሰምጣል። ወፍራም ሹሩባ ካላት ከመጽሐፉ ሥር ገብቶ ቁጥሩን ያሳስታል። ሰው ቀን ሲውል አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያጥር ጠዋት ይሁን።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ የማይሰጥ ነው። መኮንን ለመሆን የአሜሪካ ዜግነት ያስፈልጋል፤ ግሪን ካርድ አይበቃም። እርስዎ ወይም እናቷ 18 ዓመት ሳይሞላት ዜግነት ከወሰዳችሁና እሷ ግሪን ካርድ ይዛ በወላጅ አሳዳጊነት አብራችሁ የምትኖር ከሆነ በሕጉ መሠረት እሷም ወዲያው ዜጋ ትሆናለች። ልደቷ ካለፈ በራሷ ማመልከት ሊኖርባት ነው። የእርስዎ ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ ዛሬውኑ ያውጡት።

ከዚያ ዲግሪ ነው። መንገዱ ሦስት ነው፦ የአየር ኃይል አካዳሚ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሰጠው የመኮንንነት ሥልጠና፣ ወይም ከዲግሪ በኋላ የመኮንኖች ትምህርት ቤት። ሄሊኮፕተር ከሆነ ምኞቷ፣ የምድር ጦሩ ዋራንት ኦፊሰሮችን (በሙያቸው የሚሾሙ፣ ከመደበኛ መኮንን በታች ያሉ) ያለ ዲግሪም ለአብራሪነት ይቀበላል። አቅም ካለ በትንሽ አውሮፕላን ጥቂት ሰዓት ትብረር፤ የአየር ኃይሉ የአብራሪ መምረጫ ነጥብ ላይ ይደመራል።

ጥያቄ፦ የሴት አካል የተዋጊ ጄትን ጫና አይችልም የሚሉት እውነት ነው? (ከቶሮንቶ)

መልስ፦ አይደለም። ሰውነት ጫናን የሚቋቋምበት አቅም በዋናነት በሥልጠና፣ በአካል ብቃትና በዕለቱ ሁኔታ ይለያያል። በ9 ጂ፣ ማለትም ክብደት ዘጠኝ እጥፍ ሲሆን፣ 60 ኪሎ የምትመዝን ሰው 540 ኪሎ ትሆናለች፤ ደም ወደ እግር ይወርዳል፤ መጀመሪያ ዕይታ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ይጨልማል፣ ከዚያ ራስ መሳት ይመጣል። መከላከያው፦ ጫናው ሳይጀምር ጭንን፣ ባትንና ሆድን ማጥበቅ፤ አየር ስቦ መያዝ፤ በየ3 ሰከንዱ ጥቂት አየር ብቻ በፍጥነት አውጥቶ መልሶ መሳብ። ዘግይቶ መጀመርና ትንፋሽን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ዋነኞቹ ስህተቶች ናቸው።

ሴቶችን በተለየ የጎዳቸው ሽንት ነው። የበረራ ልብሱና የሽንት መቀበያው ለወንድ ስለተሠራ ብዙዎቹ ከበረራ በፊት ውኃ ይተዋሉ። ውኃ ያጣ ሰውነት ጫና የመቋቋም አቅሙ ይወርዳል፤ ራስ መሳት ይቀርባል። ይህ የአካል ድክመት ሳይሆን የዕቃ ጉድለት ነው፣ በዕቃም ይስተካከላል። ለሴት የሚሆነው መቀበያ መኖሩን ከመጀመሪያው ረጅም በረራ በፊት በድፍረት ትጠይቅ፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ጥያቄ፦ ክብደቱ ቀላል የሆነ ሰው ኤፍ-35 የተባለውን ተዋጊ ጄት ማብረር አይችልም ሲባል ሰምቻለሁ። (ከዋሽንግተን)

መልስ፦ በ2015 ከ62 ኪሎ በታች የሆኑ አብራሪዎች ታግደው ነበር፤ በአደጋ ጊዜ አብራሪውን ከጄቱ የሚያወጣው የመስፈንጠሪያ ወንበር አንገታቸውን ሊጎዳ ይችላል ተብሎ። ዋናውን ፓራሹት የሚያዘገይ የክብደት ማብሪያ፣ የራስ መደገፊያና ቀለል ያለ ሄልሜት ተጨምሮ እገዳው በ2017 ተነሣ።

ጥያቄ፦ እስራኤል ውስጥ ለሴቶች መቼ ተፈቀደ? (ከነታንያ)

መልስ፦ ከደቡብ አፍሪካ የመጣችው አሊስ ሚለር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከስሳ በ1995 አሸነፈች። እሷ ራሷ የጤና ምርመራውን ባታልፍም በሩ ተከፈተ፤ ሮኒ ዙከርማን በ2001 ተዋጊ ጄት አብራሪ ሆና ተመረቀች።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «ማን ያገባታል?» እያለ ልጃችንን ይከለክላታል። እንዴት ላሳምነው? (ከአትላንታ)

መልስ፦ ሳክሴና ያገባችው የአየር ኃይል አብራሪ ነው፤ ልጅም ወልደዋል። አባቷ የጦር ሠራዊት መኮንን ስለነበሩ ምን እንደምትገባበት ያውቁ ነበር። የእርስዎ ባለቤት ግን የሚያውቁት ላይኖር ይችላል፤ ፍርሃታቸውን አይናቁባቸው። ወደ መልማዩ ቢሮ አብረው ይሂዱ። ከአሜሪካ አየር ኃይል አብራሪነት ሥልጠና በኋላ የ10 ዓመት የአገልግሎት ግዴታ አለ፤ ጋብቻ፣ ወሊድና ምደባ ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚሄዱ በሦስት በአራት ጥያቄ ጽፈው ይያዙ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። አንድ ማሳሰቢያ፦ መልማዩ ዞሮ አባትየውን ማናገር ይቀናዋል። ባለቤትዎ ያኔ «እሷን ጠይቃት» ይበሉት።